የሁዳዴው ጠርሙስ

የካቲት 15፣ ቅዳሜ

ኲሓ–አጉላዕ ደርሶ መልስ፣ 70 ኪሎ ሜትር። ክብደት 54። የኲሓ ዳገት 19 ደቂቃ ከ40።

ይህ ደብተር የልጄ የሳሊና የብስክሌት ሥልጠና መዝገብ ነው። ርቀት፣ ሰዓት፣ ክብደት፤ ሌላ ነገር እንዳይገባበት ብዬ ነው የጀመርኩት። ያለፈውም ደብተር እንዲሁ ተብሎ ተጀምሮ መጨረሻው ላይ የእኔ ማልቀሻ ሆኖ ቀረ። ዘንድሮ እጄን እሰበስባለሁ።

የዛሬው ግን መጻፍ አለበት። ጎይቶም መጥቷል። ዘጠነኛ ክፍል እያለ ከስፖርት ክፍለ ጊዜዬ እየጠፋ ብስክሌት ሲነዳ የምቆጣው ልጅ፣ ዛሬ የአንድ የውጭ ቡድን ረዳት አሰልጣኝ ሆኖ ሓወልቲ አጠገብ ካለ ሆቴል አስጠራኝ። "መምህር፣ ምንም አልተለወጡም" አለኝ። ውሸታም። ቡድኑ ሁለት ሴቶች ይፈልጋል። ሚያዝያ 4 ኲሓ ዳገት ላይ በሰዓት ይፈተናሉ። ከ18 ደቂቃ በታች የወጣች ትሄዳለች፤ ቪዛውም ቤቱም በእነሱ ነው።

እኔ የምፈልገው ዝናውን አይደለም። ሰዉ እንደገና ስለ ጦርነት ማውራት ጀምሯል። መምህራን ክፍል ውስጥ ስለ ፈተና እያወራን ቆይተን ድንገት ድምፃችንን ዝቅ እናደርጋለን። ይህች ልጅ ከዚህ ከተማ ትውጣልኝ። ከደብረ ብርሃን መቐለ የመጣሁ ቀን ሁለት ዓመት እሠራና እመለሳለሁ ብዬ ነበር፤ ይኸው ሃያ አራት ዓመቴ፣ ሚስቴንም እዚሁ ቀበርኩ። እሷ እንኳ ትውጣ።

የካቲት 17፣ ሰኞ

ሁዳዴ ገባ።

ጎይቶም ካርቶን ይዞ ቤት መጣ። አሥራ ሁለት ትናንሽ ጠርሙሶች። ኪቶን ይባላል። ሲያስረዳኝ፣ ሰው ሲርበው ጉበቱ ከስብ አቅልጦ የሚያወጣው ነዳጅ አለ፤ ያንኑ ነው በፋብሪካ ሠርተው ያሸጉት። እዚያ ብስክሌተኞቹ ከከባድ ልምምድ በኋላ ይጠጡታል፣ ድካም ቶሎ ይለቃል ይባላል። "ይጠቅማል የሚልም አለ፣ ጉራ ነው የሚልም አለ፤ ክልክል ግን አይደለም" አለ። ሐቀኛነቱን ወደድኩለት። "ከምግብ ጋር ነው መምህር። ማካሮኒ፣ ሩዝ። በባዶ ሆድ እንዳይሆን።"

ሌላም ዕቃ ሰጠኝ፣ ሽንት ውስጥ የሚነከሩ ቀጫጭን ወረቀቶች። ኪቶን ሰውነት ውስጥ ካለ ወረቀቱ ሐምራዊ ይሆናል፤ በበዛ ቁጥር ይጠቁራል።

የሳሊና የመጀመሪያ ጥያቄ "የጾም ነው ወይስ የፍስክ?" የሚል ነበር። ጎይቶም ሳቀ፣ እሷ አልሳቀችም። ምስኪን፣ ለኩባንያው በስልኩ ጻፈላት። እነዚያ ፈረንጆች ስለ ሁዳዴ ምን እንዳሉ እግዜር ይወቅ፤ ብቻ ማታ "ወተት የለበትም" የሚል መልስ መጣ።

ከዚያ ደግሞ ሌላ መጣብኝ። "ዘንድሮ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው የምጾመው" አለች። "ለኣደይ ስለት አለብኝ።" እናቷን ለተመድህንን ማለቷ ነው። ነሐሴ ሲመጣ ካረፈች አራት ዓመቷ ነው። በማለዳ ሰማንያ ኪሎ ሜትር ነድታ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል የማይቀምስ ብስክሌተኛ የት አገር ታይቷል? ግን በእናቷ ስም የመጣችብኝን ልጅ ምን ብዬ እመልሳታለሁ?

የካቲት 20፣ ሐሙስ

45 ኪሎ ሜትር። ክብደት 53.5።

የመጀመሪያው ጠርሙስ፣ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ፣ ከሽሮ ጋር። ፊቷን አጨማደደች። "ባባ፣ አሴቶን ነው እኮ። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ።" ግማሹን እኔ ቀመስኩላት። ልክ ናት።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ወረቀቱ ፈዘዝ ያለ ሐምራዊ ሆነ። ሠርቷል። ልታሳየኝ ጠጋ ስትል ትንፋሿ ሸተተኝ። ሊበሰብስ የደረሰ ሙዝ ዓይነት፣ ጣፋጭ፣ የሚያቅር።

ይህን ሽታ አውቀዋለሁ።

የመጠጡ ነው። ጎይቶምም እንደሚሸት ነግሮኛል።

የካቲት 27፣ ሐሙስ

ዳገቱ 18 ደቂቃ ከ50! ክብደት 52.5።

ሃምሳ ሰከንድ ቀነሰች። እኔ መንገድ ዳር ሰዓት ይዤ እንደ ልጅ ዘለልኩ፤ የባጃጅ ሹፌር ቆሞ አየኝ። ስብ ሲቀልጥ ዳገት ይቀልላል፤ ሚስጥሩ ይኸው ነው። ጾሙም፣ ጠርሙሱም ተባብረው እየሠሩ ነው።

ቤት ስንገባ ለተገብርኤል በሩ ላይ ጠበቀችን። የለተመድህን ታናሽ እህት ናት፤ እዚሁ ግቢያችን ውስጥ ያለችውን ክፍል ይዛ ልብስ ትሰፋለች። ነገረኛ ናት፣ ግን ከእሷ በቀር ሰው የለንም፤ እኔንም ሓወይ፣ ወንድሜ ነው የምትለኝ። "ሓወይ፣ መጸዳጃ ቤቱን ጉንዳን ወርሶታል" አለችኝ። "አመድ ደፋሁበት፣ ነገ ይመለሳል። ማር የፈሰሰበት ይመስል።" ጉንዳን የት የለም። ጋዝ ገዝቼ እረጭበታለሁ።

መጋቢት 3፣ ረቡዕ

ዛሬ ጠርሙስ አልሰጠኋትም፣ ዕረፍት ነበር። ወረቀቱ ግን ከሌላው ቀን ሁሉ የባሰ ጠቆረ።

ለጎይቶም ደወልኩ። "ጾሙ ነዋ መምህር" አለኝ። "ሰውነቷ ራሱ ማምረት ጀምሯል ማለት ነው። የሚገርም ልጅ ናት።" ከዚያ "ጤናዋ ግን ደህና ነው አይደል? ቤተሰብ ውስጥ የሚታወቅ ነገር የለም?" ብሎ ጠየቀኝ።

ደህና ናት አልኩት። ደህና ናት። የቤቴን ታሪክ ለቡድን ረዳት ምን አድርግ ብዬ እነግረዋለሁ? በሽተኛ ናት ብለው ስሟን ሊሰርዙ?

መጋቢት 7፣ እሑድ

ክብደት 51.5።

ከቅዳሴ በኋላ የነፍስ አባታችንን አባ ኤልሳዕን ይዤ ቆምኩ። ልጅቷ እሺ ካለች ጾሙን በቀን አጋማሽ እንድትፈታ ፍቀዱላት አልኳቸው። "እኔማ ፈቅጃለሁ፣ ስፖርተኛ ናት። ግን ስለቱ የእሷ ነው" አሉኝ። ጠርተው ነገሯት። አንገቷን ደፍታ ሰምታ ሰምታ "አይ አባ፣ እስከ ፋሲካ ልጨርሰው" አለች። ግትርነቷ ከእናቷ ነው። እኔ ግትር አይደለሁም፤ እኔ የማላየውን ነገር አላይም፣ ያ ሌላ ነው።

አባ ኤልሳዕ ስንለያይ ትከሻዬን ያዝ አድርገው "ልጅቷ ከስታለች ልጄ" አሉኝ። ብስክሌተኛ ሊከሳ ነው የሚገባው። ቄስ ስለ ብስክሌት ምን ያውቃል።

መጋቢት 10፣ ረቡዕ

በችኮላ። ሁለተኛ ክፍለ ጊዜ ሊደወል ነው።

የቧንቧው ውሃ ከዓይናለም ከመጣ ዘጠኝ ቀን። ትናንት በጋሪ ያስመጣሁት ጀሪካን ዛሬ ጠዋት ባዶ። ሳሊናን ጮኽኩባት። ፀጉርሽን ነው የታጠብሽበት፣ እኛ ለመጠጥ ስናጣ። "ጠጥቼው ነው ባባ" አለች። ሃያ ሊትር ማን ይጠጣል። ውሸት አስተማርኳት ማለት ነው።

ሌሊት በሩን አራት ጊዜ ከፈተች። ቆጥሬያለሁ። መተኛት አልቻልኩም።

ጮኽኩባት። አፌን ይቁረጠው።

መጋቢት 14፣ እሑድ

ክብደት 50.5። ልምምድ የለም።

የዛሬውን እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም። ከለተገብርኤል ጋር ተጣላን።

ሳሊና ከቤተ ክርስቲያን ተመልሳ ተኝታ ነበር። እኔ ግቢ ውስጥ የብስክሌቷን ሰንሰለት እያጸዳሁ ነው። ለተገብርኤል ማሽኗን አቁማ መጣች፤ መቀመጫ እንኳ አልሳበችም። "ሓወይ፣ አንድ ነገር ልበልህ። እንዳትቆጣ" አለች። እንዲህ ስትል ሊያስቆጣኝ እንደሆነ አውቃለሁ።

"ሳሊና እህቴን እየመሰለች ነው።"

"ልጇ አይደለች? ማንን ልትመስል ኖሯል?"

"ቀልዱን ተወው። ውሃው፣ መክሳቱ፣ ጉንዳኑ። ለተመድህንን ሲጀምራት እንዲህ ነበር። ስኳሯን አስለካት። ጣት ወጋ ነው፣ ሌላ ምን አለው።"

ጾሙ ነው አልኳት። ልምምዱ ነው፣ መጠጡ ነው፣ ሽታውም የእሱ ነው አልኳት። ስለ ሽታ እሷ ምንም አላነሳችም ነበር። እኔ ነኝ ያነሳሁት። ለተገብርኤል አየችኝ፣ እኔ ግን ቀጠልኩ። ፈተናው ሃያ ቀን ቀርቶታል፣ አሁን ሐኪም ቤት ብወስዳትና አንድ ወረቀት ቢጻፍባት ይህች ልጅ እዚሁ ቀረች ማለት ነው አልኳት። ደግሞስ ለተመድህንን ስኳር አይደለም የገደላት። ስኳርማ ስንት ዓመት ይዟት ስትሠራ ኖረች። የገደላት መንገድ መዘጋቱ ነው። መድኃኒቱ ዓለም ላይ ሞልቶ መቐለ ላይ አልነበረም። አንድ ሰሞን መብራት በሌለበት ያቺን የመጨረሻ የኢንሱሊን ብልቃጥ እንዳትሞቅ በሸክላ ማሰሮ እርጥብ አሸዋ ውስጥ ቀብረን፣ ጠዋትና ማታ አሸዋውን ውሃ እያጠጣን፣ መጠኑን እየቀነስን፣ እየቀነስን። ሁሉንም አብራን አይታዋለች፤ ለምን እንደምነግራት አላውቅም።

"በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም" አለችኝ። "ሲጠፋስ ጠፋ። አሁን እኮ አለ ሓወይ። አሁን አለ።"

ማሽንሽ ጋ ሂጂ አልኳት። የሞተች ሴት እህት እንዲህ አይባልም። ሄደች።

ማሰሮው አሁንም ግቢው ጥግ አሸዋው እንዳለበት ነው። ደርቋል። አራት ዓመት ሙሉ አልደፋሁትም። የለተመድህን የስኳር መለኪያም መሳቢያ ውስጥ አለ። ባትሪ የለውም።

መጋቢት 15፣ ሰኞ

ለባትሪ ዓዲ ሓቂ ድረስ ሄጄ ነበር። ሱቁ ዝግ ነበር።

አንዱ ሱቅ ነው ዝግ የነበረው።

መጋቢት 20፣ ቅዳሜ

ዳገቱ 20 ደቂቃ ከ35። ክብደት 49።

እግሯ ባዶ ሆነ። ግማሽ ላይ ከብስክሌቷ ወርዳ ብረቱን ተደግፋ ቆመች። ስትመለስ ደግሞ መንገድ ማቀዝቀዣውን ጉብታ ሳታየው ገባችበትና ወደቀች። "ብዥ ብሎብኝ ነው" አለች። ክርኗ ተልጧል፣ ሌላ ጉዳት የለም። አጠገቧ ተቀምጬ ቁስሏን ሳጥብላት ይቅርታ ጠየቀችኝ። እሷ እኔን።

የመጨረሻዎቹን ሁለት ጠርሙሶች በአንድ ቀን ሰጠኋት። አለቀ። ለጎይቶም ሌላ አምጣ ብዬ ብጽፍለት "መምህር፣ ትረፍ፣ ትብላ፣ ጾሙን ትተው። እኔ በባዶ ሆድ አላልኩም" ብሎ መለሰ። ሁሉም አዋቂ ሆነብኝ።

የቀረን አሥራ አራት ቀን ነው። አንድ ሳምንት አሳርፋታለሁ። ከዚያ ትነሳለች። ወጣት ሰውነት ቶሎ ይነሳል።

መጋቢት 25፣ ሐሙስ

አስመለሳት። ሆዷን ይዛ ተጣጠፈች። ሠፈራችን ካለች አንዲት ክሊኒክ ወሰድኳት። ደም ቀዱ፣ ታይፎይድ ነው አሉ። ታይፎይድ! እንዴት ደስ እንዳለኝ። ታይፎይድ ማንን አይዝም፣ ሁለት ሳምንት መድኃኒት ተውጦ ያልፋል። ለተገብርኤልን ጠርቼ ነገርኳት፤ ወደ ማሽኗ ተመለሰች።

አቅም እንዲሆናት ግሉኮስ ይሰቀልላት አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት። እነሱም እሺ ብለው ሰቀሉ።

መጋቢት 26፣ ዓርብ

ትምህርት ቤት አልሄድኩም። ክብደት አልለካኋትም።

ለስላሳ አጠጣኋት። "ጾም አይደለም ወይ?" አለች ዓይኗን ሳትገልጥ። ለስላሳ የጾም ነው አልኳት። ሦስት ጠርሙስ ጠጣች፣ አስመለሰችው፣ እንደገና ጠጣች። አተነፋፈሷ ቁና ቁና ነው፣ ዳገት ላይ እንዳለች። ተኝታ።

ክፍሉ ሙሉ ይሸታል። መጠጡ ካለቀ ስድስት ቀን ሆኖታል። ይህን ጽፌ ደብተሩን ዘግቼ ተቀመጥኩ። ሄጄ ለተገብርኤልን መቀስቀስ ነበረብኝ። ይነጋል አልኩ።

መጋቢት 27፣ ቅዳሜ

ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ነኝ።

ማለዳ ለተገብርኤል ሳታንኳኳ ገባች። በሩ ላይ ቆማ አንድ ጊዜ ተነፈሰች፣ በቃ። "ወይለይ ሓፍተይ" አለች፤ ወዮ እህቴን። ልጅቷን በብርድ ልብስ ጠቅልላ ብቻዋን አነሳቻት። አርባ ምናምን ኪሎ ናት፤ ማንም ያነሳታል። ባጃጅ ውስጥ ጭኔ ላይ ተኝታ ስሟን ብጠራት አልመለሰችልኝም።

ዶክተር ሩት የምትባል ወጣት ሐኪም ናት የተቀበለችን። ከመንካቷ በፊት ጎንበስ ብላ ትንፋሿን አሸተተች። ከዚያ ነርሶቹን ተጣራች። ጣቷን ወጉ፤ መለኪያው ቁጥር መስጠት አቃተው፣ ከልኬ በላይ ነው አለ።

"ቤት ውስጥ ስኳር ያለበት ሰው አለ?" አለችኝ።

"የለም" አልኩ።

ይህን እዚህ የምጽፈው ማንም እንዳይሰርዘው ነው። ልጄ አልጋ ላይ እየሞተች፣ ሐኪም እየጠየቀችኝ፣ "የለም" ብያለሁ።

"እናቷ" አለች ለተገብርኤል ከኋላዬ። "እህቴ ናት። በስኳር ነው የሞተችው።"

ሐኪሟ አንድ ጊዜ አይታኝ ፊቷን ወደ ልጄ አዞረች። ክሊኒኩ ምን እንደሰጣት ጠየቀች። ግሉኮስ አልኩ። ጻፈችው። ስለ ጠርሙሶቹም ነገርኳት፤ መጠጡ ነው እንዴ እዚህ ያደረሳት ብዬ ጠየቅኋት። መጠጡ እንዲሆን ለመንኳት ማለት ይቻላል። "መጠጡ አይደለም ያመጣባት አባት" አለች። "ኢንሱሊን ሲያልቅ ሰውነት ስኳሩን መጠቀም ስለማይችል ስቡን ያቀልጣል፣ ደሙ በኪቶን ይመረዛል። ያንን ሁሉ ኪቶን የሠራችው ራሷ ናት። መጠጡና ጾሙ ጨምረውባት ይሆናል። ከሁሉ የከፋው ግን ሸፈነባችሁ።"

ሸፈነባችሁ አለች። "ባችሁ" ያለችው ለእኔ አዝና ነው።

መጋቢት 30፣ ማክሰኞ

አልነቃችም። ሦስተኛ ቀን።

ስንት ወረቀት ነው የነከርኩት። እያንዳንዱን ሐምራዊ ወረቀት በብርሃን ላይ ይዤ ደስ ሲለኝ፣ እየጠቆረ በሄደ ቁጥር ጎበዝ ስላት። ሞቷን እየለካሁ ነበር ጎበዝ የምላት።

ልብ ካላየ ዓይን አያይም ይላሉ። የእኔ ልብ ግን አይቶ ነበር፤ እኔ ነኝ ዓይኔን የያዝኩት። ያ ጠርሙስ ለሳሊና እግር ሳይሆን ለእኔ ነው የጠቀመኝ። አሥራ ሁለት ጠርሙስ ምክንያት ገዛልኝ።

ሚያዝያ 2፣ ሐሙስ

ዓይኗን ገለጠች። ውሃ አለች።

ሚያዝያ 4፣ ቅዳሜ

ዛሬ ነበር ፈተናው። ሁለት ሴቶች ከ18 ደቂቃ በታች ገብተዋል። አንዷን አውቃታለሁ፣ ጎበዝ ልጅ ናት፣ እግዜር ይርዳት።

ጎይቶም ከዳገቱ ቀጥታ ሆስፒታል መጣ፣ ጫማው አቧራ እንደለበሰ። ዶክተር ሩት ሁሉንም ነግራዋለች። ውጭ አግዳሚው ላይ አብረን ተቀመጥን። "ቢነግሩኝ ኖሮ መምህር" አለና የጫማውን አቧራ አራገፈ። ቀጥሎ "እኛ አገር፣ እዚያ ማለቴ፣ ስኳር ያለባቸው ብስክሌተኞች አሉ። መርፌያቸውን ይዘው ይነዳሉ። ቢታወቅ ኖሮ በእሱ ምክንያት አትሰረዝም ነበር" አለኝ።

ከሁሉ የመታኝ ይህ ነው። የደበቅኩት ነገር መደበቅ አያስፈልገውም ነበር።

የሚቀጥለው ዓመት ፈተና ይኖር እንደሆነ ጠየቅሁት። መሬት መሬት እያየ "እንግዲህ ሰላም ከሆነ" አለ።

ሚያዝያ 8፣ ረቡዕ

ከሳሊና ጋር አወራን። እንዳለ እጽፈዋለሁ።

ነርሷ መርፌ አወጋግ አስተምራት ወጣች። ሳሊና ሆዷን አንድ ጊዜም ሳታመነታ ወጋች። ለተመድህን የመጀመሪያ ቀን አልቅሳ ነበር፤ ይህችኛዋ አላለቀሰችም። መርፌውን አስቀምጣ ወደ እኔ ዞረች።

"ባባ፣ ሽታውን አላወቅኸውም?"

ለዚህ ጥያቄ አሥር ቀን ስዘጋጅ ነበር። "መጠጡ መስሎኝ" አልኳት።

"መጠጡ እኮ መጋቢት 20 አልቋል።"

የስፖርት መምህር ነኝ፤ ቀን ቆጥራ እንድትይዝ ያስተማርኳት እኔ ነኝ።

"አውቄዋለሁ" አልኩ በመጨረሻ። "ከመጀመሪያው ቀን።"

ትጮሃለች ብዬ ጠበቅሁ። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ዓይኗን ወደ ጣሪያው አነሳች።

"እኔም አውቄዋለሁ" አለች። "ጠዋት ከልምምድ ተመልሼ ክፍሌን ስከፍት ትራሴ ኣደይን ኣደይን ይሸተኝ ነበር። የመጨረሻ ሰሞን እሷ አጠገብ የተኛሁ ጊዜ የነበረው ሽታ። አንዴ ትምጣልኝ ብዬ የተሳልኩት የተሰማልኝ መስሎኝ፣ ደስ ብሎኝ ነበር ባባ። እንዳይጠፋብኝ ብዬ የትራሱን ልብስ አላጠብኩትም። ለማንም ያልነገርኩትም ለዚህ ነው። ብናገር ትሄድብኛለች ብዬ።"

እጇን ያዝኩ። አላነሳችውም፣ አልጨበጠችኝምም።

"ከመውጣቴ በፊት የትራሱን ልብስ እጠብልኝ" አለች።

ሚያዝያ 11፣ ቀዳም ሥዑር

ነገ ፋሲካ ነው። ነገ ትወጣለች። ክብደት 50.5፤ ዶክተር ሩት ናት የለካቻት።

ፋርማሲው ሦስት ብልቃጥ ሰጠኝ። ለግንቦት ስጠይቀው "አባት፣ ለግንቦት ቃል አልገባም፣ ጭነቱ ከመጣ" አለኝ። ዕድሜ ልኳን ነው የሚያስፈልጋት፣ እሱ ስለ ግንቦት እንኳ እርግጠኛ አይደለም። ሰዉ ባንክ በር ላይ ተሰልፏል። አንዲት እናት ለሌላዋ "ጤፍ ገዛሽ?" ስትል ሰማሁ። ያን ጊዜም እንዲህ ነበር የተጀመረው፣ በጤፍ።

ቤት ስደርስ መብራት ጠፍቷል። ብልቃጦቹን በእጄ እንደያዝኩ ማቀዝቀዣው ፊት ቆምኩ። የሞቀ ቁም ሣጥን ነው። ከዚያ ግቢው ጥግ ሄድኩና የደረቀውን ማሰሮ ጎትቼ ጥላ ውስጥ አስገባሁት። አሸዋው ላይ ጉንዳን ሰፍሮበታል፤ በእጄ ጠረግሁት። የመለኪያውንም ባትሪ ገዝቻለሁ። በመጀመሪያው ሱቅ ነው ያገኘሁት።

የቀረን ውሃ ግማሽ ጀሪካን ነው። ለአሸዋውም ለትራስ ልብሱም አይበቃም። ቆሜ ሳስብ ለተገብርኤል ከክፍሏ ወጣች፤ ሆስፒታል ከገባንበት ቀን ወዲህ አላናገረችኝም። ማሰሮውን አየች፣ እኔን አየች። የራሷን ውሃ በባልዲ ይዛ መጥታ እግሬ ስር አስቀመጠችው። "እንካ፣ ሓወይ" ብላ ተመለሰች።

የሳሊናን ክፍል ከፈትኩ። ሁለት ሳምንት ተዘግቶ ነበር። የትራሱን ልብስ ሳወጣው የእናትም የልጅም ትንፋሽ እዚያ ነበር፤ ለየትኛዋ እንዳለቀስኩ አላውቅም። ብዙ አለቀስኩ። ከዚያ አውጥቼ አጠብኩት፣ ሁለቴ በሳሙና፣ አንዴ በንጹሕ ውሃ። ሽታው ለቀቀ።

የመጨረሻውን እጥበት አልደፋሁትም። ማሰሮው ላይ ገለበጥኩት። አሸዋው ወዲያው ጠጣው። እንደገና ጨመርኩ።